ጋሽ ኡመር እና ያልተደወለው ስልክ

ጋሽ ኡመር መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከአስር ቀን በኋላ ነው። ያውም መንገድ ላይ። ደሴ ፒያሳ፣ ከመድኃኒት ቤት የግፊት ኪኒኔን ይዤ ስወጣ አቶ ይመርን አገኘኋቸው። አቶ ይመር በደርግ ጊዜ የደሴ መናኸሪያ የስምሪት ኃላፊ ነበሩ፤ ዛሬ ከዘራቸውን ይዘው ፒያሳን ሲዞሩ የሚውሉ ጡረተኛ ናቸው።

«ዘምዘም፣ ኡመር እኮ ሞተ። አልሰማሽም እንዴ?» አሉኝ።

አዲስ አበባ ልጄ ዘንድ ሁለት ወር ሰንብቼ የገባሁት ገና ትናንት ነበር፤ ማን ይንገረኝ? ኢና ሊላሂ አልኩና የመድኃኒት ቤቱን ግድግዳ ተደገፍኩ።

«አላህ ይርሐመው፣ ጥሩ ሰው ነበር» አሉ አቶ ይመር። ከዘራቸውን አስፋልቱ ላይ መታ መታ አደረጉና ጨመሩበት። «ያቺ አንዲት ጥፋት ባትኖርበት።»

ያቺ አንዲት ጥፋት የእኔ ናት። ጋሽ ኡመር አልሠሯትም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ በስማቸው ስትነሳ እየሰማሁ አፌን ዘግቼ የኖርኩት እኔ ነኝ። እዚያው ፒያሳ መሀል ለአቶ ይመር ልነግራቸው አሰብኩ፤ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን አንባረቀብንና ወደ ዳር ሸሸን፣ በዚያው ተሰነባበትን። እውነቱን ለመናገር ባጃጁ ሰበብ ነው። ፈርቼ ነው።

ጥፋቷን እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን ሰውየውን እወቁልኝ፤ አለዚያ የተደረገልኝ ነገር ምን ያህል እንደሆነ አይገባችሁም።

ኮምቦልቻ መገንጠያ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ እዚያ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ዳገቱን ይዞ ወደ ደሴና ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ሌላው በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ ይወርዳል። እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ መናኸሪያው ውስጥ ትኬት ቆራጭ ሆኜ ስቀጠር ዕድሜዬ አስራ ዘጠኝ ነበር። ያኔ አሰብ የእኛ ወደብ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የጭነት መኪና ተሳቢውን እየጎተተ ሲያልፍ የትኬት መስኮቴ ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ኡመር የስምሪቱ ኃላፊ፣ የእኔም አለቃ ነበሩ።

ረጅምና ቀጭን ነበሩ። ሱሪያቸውን ካውያ ሳያስነኩ ከቤት አይወጡም። ራሳቸው ላይ ቀለሙ የጠፋ የባቡር ሠራተኛ ቆብ፣ አንገታቸው ላይ ፊሽካ አለ። መኪና ሲነሳ ፊሽካ ይነፋሉ። ፊሽካው ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፣ ቀይና አረንጓዴ ጨርቅም ነበራቸው። የኮምቦልቻ ሾፌር ደግሞ የሚስቅበት ነገር ካገኘ ምሳውን ይረሳል። «ለገሃር» ብለው ስም አወጡላቸው።

«ለገሃር! ሐዲዱን የት ደበቁት?» ይላቸዋል አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ።

«አቦ ተወኝ! ሐዲድ ቢኖርህማ ማን ይጠብቅህ ነበር? ስለሌለህ እኮ ነው የምጠብቅህ!»

አቦ የምትለዋ የድሬዳዋ ናት። ጋሽ ኡመር ተወልደው ያደጉት በዚያ ወገን፣ በባቡር መስመር ላይ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ሉባባ ግን የኮምቦልቻ ልጅ ናቸው፤ አክስታቸውን ሊጠይቁ ድሬዳዋ ሄደው እዚያው ተጋቡ። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ሐዲዱ ሲቆረጥ ጋሽ ኡመር ሚስታቸውን ይዘው ወደ ሚስታቸው አገር መጡ። የእኛ አገር ሰው ሐዲድ የሚባል ነገር በዓይኑ አላየም፤ እሳቸው ግን የባቡሩን ሕግ ሳይቀር ይዘው ነው የመጡት።

ሕጉ ይህ ነው። አንድ አውቶቡስ ለደሴ ሲለቁ እጀታው የሚዞር ጥቁር ስልካቸውን ያዞራሉ። «ደሴ? ኮምቦልቻ ነኝ። አንድ አውቶቡስ፣ አርባ ሁለት ሰው። ለቀቅሁ» ይላሉ። ከዚያ ይጠብቃሉ። መኪናው ዳገቱን ጨርሶ ደሴ ሲገባ አቶ ይመር መልሰው ይደውላሉ። «ደሴ ነኝ። አርባ ሁለት ሰው። ተቀበልኩ።» መዝገቡ ላይ በእያንዳንዱ መኪና ፊት አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ «ተቀበልኩ» ሲባል እዚያች ውስጥ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ያደርጋሉ። ሳጥኗ ባዶ ከሆነች ዝናብ ይዝነብ፣ ረሃብ ይጥና፣ ጋሽ ኡመር ቢሯቸውን አይዘጉም።

ይህን ያዘዛቸው የለም። ሌላ መናኸሪያ ላይ መኪና ከበር ከወጣ በኋላ የሾፌሩና የአላህ ጉዳይ ነው። አቶ ይመር እንኳ በመጀመሪያ «ምን ዓይነት ጣጣ ነው ያመጣብኝ» ሲሉ ነበር አሉ። ኋላ ለመዱት። ሳይደውሉ መዋል እንደማይችሉ ለእኔው ነግረውኛል።

«ሰው ሲሳፈር ሻንጣውን ቆጥሮ ነው» ይሉኝ ነበር ጋሽ ኡመር። «እሱን ራሱን የሚቆጥረው ማነው? እኛ ነን፣ ዘሚ። አማና ነው፣ አደራ።»

እኔ ደግሞ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። የመጨረሻው የደሴ መኪና የሚነሳው በአስር ሰዓት ነው፤ «ተቀበልኩ» እስኪባል አስራ አንድ ይሞላል። ጓደኞቼ ተኳኩለው በመስኮቴ ፊት ሲያልፉ እኔ የስልክ ድምፅ እጠብቃለሁ። በልቤ ያልረገምኳቸው ቀን አልነበረም።

ያቺን የመጠበቂያ ሰዓት የሚገፏት በወሬ ነበር፤ ወሬያቸው ሁሉ ደግሞ ስለዚያች ጥለዋት ስለመጡት የባቡር ጣቢያቸው ነው። ትንሽ መገንጠያ ናት። ስሟን ብጠራላችሁ የምታውቋት አይመስለኝም። ዋናው ሐዲድ ያልፍባታል፣ ከእሱ ሌላ አጭር ሐዲድ ተገንጥሎ ወደ ድንጋይ ካባ ይሄዳል፤ በቃ ይኸው ነው። ጋሽ ኡመር ግን ታሪኳን ከመጀመሪያው ጀምረው ነው የሚነግሩኝ። መጀመሪያ የውሃ ገንዳ ብቻ ነበረች። በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር ውሃ ሊጠጣ ይቆማል። ባቡሩ ሲቆም አንዲት ሴት የግመል ወተት ልትሸጥ መጣች። ወተት የሚጠጣ ሰው ጥላ ፈለገና ዳስ ተሠራ። ከዚያ የድንጋይ ቤት፣ ከዚያ ሻይ ቤት፣ ከዚያ መስጊድ፣ ከዚያ ግራር ሥር ትምህርት ቤት። አባታቸው እዚያ ድንጋይ ፈላጭ ነበሩ። እሳቸው በልጅነታቸው ሐዲድ ቀያሪ ሆነው ገቡ፣ ሲጎለምሱ የጣቢያው አለቃ ሆኑ። ደወሏ እንጨት ላይ የተንጠለጠለች ቁራጭ ሐዲድ ነበረች፤ በመዶሻ ነው የምትመታው። የምሳውን ባቡር ሰዓት የምታውቅ አንዲት ፍየልም ነበረች፤ የሙዝ ልጣጭ በየትኛው መስኮት እንደሚጣል ሳይቀር ታውቃለች። ያቺን ፍየል ሃያ ጊዜ ሰምቻታለሁ። በየጊዜው ብልሃቷ ይጨምራል።

አንድ ቀን ግን ያልጠበቅሁትን ነገሩኝ።

«የመጨረሻዋ ባቡር አልደረሰችም» አሉኝ።

ጦርነቱ ቀርቦ ሰው ይሸሽ ነበር። ከወዲያኛው ጣቢያ ተደወለላቸው፤ «ባቡር ለቅቄያለሁ፣ ሰው ሞልቷታል» ተባሉ። ሐዲዱን አስተካከሉ፣ ደወሉን መቱ፣ አረንጓዴ ጨርቃቸውን ይዘው ቆሙ። ባቡሯ አልመጣችም። መልሰው ቢደውሉ መስመሩ ተቆርጧል። ስምንት ቀን ጠበቁ። በስምንተኛው ቀን ወታደሮች መጥተው በግድ መኪና ላይ አሳፈሯቸው።

«እና ምን ሆነች?» አልኳቸው።

«አላውቅም» አሉ። «አንዱ ድልድይ ተሰብሮ ነው ይላል፣ አንዱ ወደ ኋላ ተመልሳለች ይላል። እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ዘሚ። ለቀቅሁ ያለኝ ሰው ደግሞ እኔ የተቀበልኩ መስሎት ይሆናል።»

ይህን ሲሉ አረንጓዴ ጨርቃቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩ። ስልኩ ወዲያው ጮኸ፤ አቶ ይመር ነበሩ። ምልክቷን አደረጉ፣ ፊታቸው ተፈታ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ወደ ቤትሽ» አሉኝ። ይህን ታሪክ ሰምቼ ነው ያን ያደረግሁት። አላወቅሁም ነበር ማለት ብችል እንዴት ደስ ባለኝ።

አንዲት እናትም ነበሩ፣ ከባቲ መንገድ በእግራቸው የሚመጡ። ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። ሰኞ ሰኞ መጥተው «ልጄ መጥቶ ይሆን?» ይላሉ። የእኛ መዝገብ የሰው ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ጋሽ ኡመር ግን መዝገቡን ይገልጣሉ፣ መነጽራቸውን ያደርጋሉ፣ ጣታቸውን በየመስመሩ እያስኬዱ ከላይ እስከ ታች ያያሉ። ከዚያ «እማማ፣ እስከ ዛሬ አልገባም። ሲገባ እኔ ራሴ እልክብዎታለሁ፣ አብሽሩ» ይሏቸዋል። አሮጊቷ መርቀው ይሄዳሉ። እኔ ይህን የከንቱ ድካም አድርጌ ነበር የማየው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አረፋ ክረምት ላይ የዋለበት ዓመት ነበር። የዋዜማው ዕለት ከሰዓት በኋላ የደሴን ዳገት ጉም ሸፍኖታል፣ ዝናቡ ያካፋል። ጋሽ ኡመር የመጨረሻውን መኪና በአስር ሰዓት ለቀቁ፣ ለአቶ ይመር ደወሉ፤ ሠላሳ ስምንት ሰው። ከዚያ ለሶላት ወደ መስጊድ ሄዱ። ሲወጡ «ስልኩን ጠብቂልኝ፣ ሲደወል ምልክቷን አድርጊ» አሉኝ። እስክሪብቶውን ለእኔ የሰጡኝ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የእኔ ቤተሰብ ሐርቡ ነው። የሐርቡ የመጨረሻ መኪና በአስር ተኩል ላይ፣ ቢዘገይ ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ይነሳል። እሱ ካመለጠኝ አረፋን ኮምቦልቻ የኪራይ ቤት ውስጥ ብቻዬን ልውል ነው። ከረጢቴ ተሸክፎ እግሬ ሥር ተቀምጧል። ሰዓቴን አየሁ፣ ስልኩን አየሁ። ደግሞ ሰዓቴን አየሁ። መኪናው መቼ ደርሶ አያውቅም? በየቀኑ ይደርሳል። ዛሬስ ለምን አይደርስም? እስክሪብቶውን አነሳሁና ሳጥኗ ውስጥ ምልክት አደረግሁ።

ጋሽ ኡመር ተመልሰው ሲገቡ ለመሄድ ቆሜ ነበር።

«ተደወለ?»

«ተደውሏል፣ ገብቷል።»

«በዚህ ጉም? ጎበዝ ሾፌር ነው» አሉ። መዝገቡን አዩ። ደስ አላቸው። «በይ ሂጂ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። ዒድ ሙባረክ።» ቢሮውን ቆልፈው እሳቸውም ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔን ስላመኑ በዓላቸውን በጊዜ ያዙ።

አውቶቡሱ ግን ዳገቱ መሀል ቆሞ ነበር። ዝናቡ የመንገዱን ጠርዝ ቦርቡሮታል። ሾፌሩ ሞተሩ ሲያቅተው ረዳቱን ጎማው ሥር ድንጋይ እንዲያደርግ አወረደው። ረዳቱ ሰይድ የሚባል ልጅ ነው። ጎንበስ እንዳለ ጠርዙ ተናደ፣ መኪናው ተንሸራቶ ከመንገዱ በታች ባህር ዛፍ ላይ ተደገፈ። የሰይድ እግር ከሥር ቀረ። ውስጥ ያለው ሰው ከተንቀሳቀስን ይገለበጣል ብሎ ትንፋሹን ይዞ ተቀመጠ። ከላይ መኪና ያልፋል፤ በጉሙ ምክንያት የሚያይ የለም፣ ጩኸታቸውንም የሞተር ድምፅ ይውጠዋል።

አቶ ይመር አስራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናው ሲዘገይባቸው ኮምቦልቻ ደወሉ። የሚያነሳ የለም። ደጋግመው ደወሉ። ስልኩ በተቆለፈው ቢሮ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ጮኸ። በመጨረሻ የመናኸሪያው ዘበኛ የበዓል በጉን ገዝቶ ሲመለስ ሰማና ጋሽ ኡመር ቤት ሮጠ። ጋሽ ኡመር መጥተው ስልኩን ሲያነሱ የአቶ ይመር ጥያቄ አንድ ነው። «መኪናዬ የት አለ?»

ጋሽ ኡመር የጭነት መኪና አስቁመው፣ ገመድና ሰው ጭነው ዳገቱን ወጡ። በየጥምዝምዙ ወርደው ፊሽካ እየነፉ ያዳምጡ ነበር አሉ። በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ላይ ከታች ጩኸት መለሰላቸው። ምሽቱ ሳይገፋ ሁሉንም አወጧቸው። ሰው አልሞተም። የሰይድ እግር ግን አልተረፈም፤ ሐኪሞቹ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ እናድነው ነበር አሉ። ያቺን አንድ ሰዓት የወሰድኳት እኔ ነኝ።

ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ሐርቡ ሥጋ እበላ ነበር። በአራተኛው ቀን ወደ ኮምቦልቻ ስመለስ የሐርቡ መኪና ሾፌር ሁሉንም ተረከልኝ። መናኸሪያው በር ላይ ወርጄ በቀጥታ ወደ ቢሮው ሄድኩ።

ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ ካኪ የለበሰ ካድሬ ነው፤ በየመሀሉ አሻጥር የምትለዋን ቃል ያነሳል። ያን ጊዜ ይህች ቃል ከተለጠፈብህ ወዴት እንደምትወስድህ አይታወቅም ነበር። ጋሽ ኡመር ያለ ቆባቸው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ራሳቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው፤ ሸብቷል።

«ደሴ አልደወልኩም ብሏል» አለ ሊቀመንበሩ መዝገቡን እየመታ። «ምልክቱ ግን አለ። ማነው ያደረገው?»

«ነግሬሃለሁ እኮ» አሉ ጋሽ ኡመር። «እኔ ነኝ። በዓል ነበር፣ ቸኮልኩ።»

በሩ ላይ ቆሜ አፌን ከፈትኩ። አላህ ምስክሬ ነው፣ ልናገር ነበር። ጋሽ ኡመር ዞር ብለው አዩኝ፤ በየቀኑ በሚያናግሩኝ ድምፅ «ዘሚ፣ ወደ መስኮትሽ ሂጂ። ሰው ተሰልፎብሻል» አሉኝ።

ሄድኩ። ሂጂ ስባል ሄድኩ። መስኮቴን ከፍቼ ትኬት ቆረጥኩ፣ መልስ ስሳሳት ተሳፋሪው በዓሉን ያበዛሁ መስሎት ሳቀብኝ።

ቀበሌ እስር ቤት ሁለት ወር አስቀመጧቸው። ከሳምንት በኋላ ዳቦና ሻይ በፔርሙስ ይዤ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አንድ ጠባቂ ከሩቅ ያየናል።

«ጋሽ ኡመር፣ ነገ ሄጄ እናገራለሁ። ወላሂ እናገራለሁ» አልኳቸው።

«እሺ ተናገርሽ። እኔን ይፈቱኛል፣ አንቺን ያስሩሻል። ስልኩን ማን ይጠብቃል?»

«ሌላ ሰው ይቀጥራሉ።»

«ሌላ ሰው ይቸኩላል!» አሉ፣ ሻዩን አስቀምጠው። «ገና አልደረሰበትማ። አንቺስ? ከእንግዲህ ሳይደወልልሽ ምልክት ታደርጊያለሽ?»

ራሴን ነቀነቅሁ። «አላደርግም» አልኳቸው።

«አየሽ። ይህን የተማርሽው በሰይድ እግር ነው። እዚህ ገብተሽ ብትቀመጪ ያ እግር በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ሄደሽ ሥራሽን ሥሪ። እኔ በሕይወት እያለሁ ለማንም አትናገሪም፣ አማና ነው። አብሽሪ።»

ያላሉኝ ሌላ ነገር እንዳለ የገባኝ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን አንዲት ወጣት ልጅ እንደዚያ ያለ ግቢ ውስጥ ብታድር ምን ሊያገኛት እንደሚችል ያውቁ ነበር። ያንን ለእኔ መናገር አልፈለጉም፤ የሥራ ጉዳይ አስመሰሉት።

ሲፈቱ ወደ ስምሪት አልመለሷቸውም። ከሥራ ተሰናበቱ። መገንጠያው ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግተው ሰዓት መጠገን ጀመሩ። ስልኩን እኔ ያዝኩት፤ ደርግ እስኪወድቅ፣ ከወደቀም በኋላ። አንድ ክረምት መኪናው ሃያ ደቂቃ ቢዘገይብኝ የደሴን ትራፊክ ፖሊስ ሁሉ አስነሳሁ። ለካ ሾፌሩ መንገድ ላይ ቆሞ በቆሎ እሸት ሲገዛ ነው። ሾፌሮቹ ሳቁብኝ፣ «ሁለተኛዋ ለገሃር» አሉኝ። ያን ስም እንደ ሹመት ነው የተቀበልኩት። ሰው ያደረገኝ እሱ ሥራ ነው። ዛሬ ትዳሬን፣ ልጆቼን፣ ጡረታዬን ሳይ የሁሉም መነሻ ያቺ «ወደ መስኮትሽ ሂጂ» የምትል ቃል ናት፤ ለዚህ በየሶላቴ ዱዓ አድርጌላቸዋለሁ፤ አሁንም አደርጋለሁ።

ግን ምስጋና አንድ ነገር ነው፣ ስም ሌላ ነገር ነው። እኔ ሳመሰግናቸው ከተማው «ለበዓል ቸኩሎ የሰው እግር ያስቆረጠ» ይላቸው ነበር። ትልቁ ልጃቸው ጀማል በዚህ ምክንያት ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ ተደባድቧል። አቶ ይመር ያን ያህል ዘመን በስልክ ሲገናኙ ኖረው ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ ነፈጓቸው። ሰይድም መጀመሪያ አካባቢ ጠረጴዛቸው ባለበት በኩል አያልፍም ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ሱቅ ሲከፍት ይቅር ብሎ ሱቁ ደጅ ላይ ጥላ ሥር ቦታ ሰጣቸው። ይቅር የተባሉት ላላጠፉት ነው። እሳቸውም «አላህ ይስጥህ» ብለው ተቀበሉት። እኔ አማናውን አከበርኩ፤ አዎ፣ አማና ነበር። ግን ደግሞ ተመችቶኛል፣ አልዋሽም።

አሁን አማናው አበቃ። እሳቸው የሉም።

ከአቶ ይመር በተለየሁ በማግስቱ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩና መጀመሪያ ለሰይድ ነገርኩት። ምን እንዳለኝ እዚህ አልጽፈውም፤ የራሱ ነው። ከዚያ ለአቶ ይመር ደወልኩና ጋሽ ኡመር ቤት ለቅሶ አብረውኝ እንዲደርሱ ለመንኳቸው። «እኔማ ደርሻለሁ እኮ» አሉኝ። «ሁለተኛ ይድረሱ» አልኳቸው። ሚኒባስ ተሳፍረው መጡ።

ድንኳኑ ተነስቷል። ቤቱ ውስጥ እትዬ ሉባባ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ጠቁሯል። አቶ ይመር ወንበር ተሰጣቸው። እኔ «አላህ ሰብሩን ይስጥዎ» ብዬ ልቀመጥ ስል አልቻልኩም። ቆሜ ነገርኳቸው። ስልኩ አለመደወሉን፣ እስክሪብቶውን ያነሳሁት እኔ መሆኔን፣ የሐርቡን መኪና፣ የእስር ቤቱን ቃል። ስጨርስ አቶ ይመር ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ጥለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

እትዬ ሉባባ ቀና ብለው አዩኝ።

«እሱ እንዳልሆነ አውቅ ነበር» አሉ። «ከአርባ ዓመት በላይ አብሬው የተኛሁት ሰው ነው፣ ሳይደወልለት ምልክት የሚያደርግ አይደለም። ማን እንደሆነ ነው ያላወቅሁት። ብጠይቀው ብጠይቀው አልነግርም አለ።» ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው ተጣሩ። «ጀማል! እህቶችህን ይዘህ ና።» ወደ እኔ ተመለሱ። «ድገሚው። ልጆቹ ይስሙ።»

ልጆቹ ገቡ። ጀማል ራሱ ሸብቷል። ደገምኩት፣ እንደ መጀመሪያው አልቀለለኝም። ጀማል ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

«ታዲያ ለምን ለእኛ አልነገረንም?» አለ። የጠየቀው እኔን አልነበረም፣ እናቱን ነው። «ለእኛ እንኳ! ልጆቹ አይደለንም?»

«ብትሰሙማ ይችን ልጅ ትጠሏት ነበራ» አሉ እትዬ ሉባባ።

ስልሳ ሊሞላኝ ነው። ልጅ ያሉት እኔን ነው።

ፍራሹ ላይ ፈቀቅ አሉና ከጎናቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«ነይ ተቀመጪ» አሉኝ። «ስንት ዘመን ቆምሽ።»